የክሬን መርፌ

«መርፌ ጀምሯል።»

ፀጉር ሠሪዋ ይህን የምትናገረው ሁልጊዜ የደንበኛዋ ጭንቅላት በእጇ ውስጥ እያለ ነበር። ብልህ ናት። አንገቷን ገንዳ ላይ ያስተኛች፣ ሳሙና ፈርታ ዓይኗን የጨፈነች ሴት ወዴት ትሸሻለች? «መጠጡን ተወ ብለው ደስ ብሏቸዋል። ተወው እንዴ? ለመርፌ አስረከበው እንጂ።» ከዚያ ውሃውን ትለቀዋለች፤ ደንበኛዋ ልጠይቅ ብላ አፏን ብትከፍት የምታገኘው መልስ አረፋ ነው።

ሰኞ ለአንዲት ነርስ ነገረቻት። ማክሰኞ ለሁለት እህትማማቾች ነገረች፤ ለየብቻቸው፣ አንዷ ለሌላዋ እንዳትናገር እያስማለች። ረቡዕ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ለተቀመጠች ሴትዮ ስትነግር፣ ካስኩ እንደ አውሮፕላን ስለሚጮህ እሷም መጮህ ነበረባት፤ በዚህ ሰበብ መንገደኛውም ድርሻውን አገኘ። ሐሙስ ወሬው ሰፈሩን ዞሮ ዞሮ ተመለሰና አንዲት ደንበኛ ለራሷ ለፀጉር ሠሪዋ ሹክ አለቻት። ፀጉር ሠሪዋ እስከዚያ ድረስ ትንሽ ትጠራጠር ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ግን ሙሉ በሙሉ አመነች።

ወሬው የሚወራበት ሰውዬ ጎሚስታ ነው። ክሬን ይሉታል፤ የከባድ መኪና ጎማ ብቻውን አቅፎ ስለሚያነሳ። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ታላቅ እህቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። መዳፉ አካፋ ያህላል፤ ሲጨብጥህ እጅህን መልሶ እንዲሰጥህ ትለምነዋለህ። አሥራ አራት ዓመት ጠጥቷል፤ ያውም እንደ መንግሥት ሥራ ሰዓት አክብሮ። ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የጎማ መፍቻውን ያስቀምጥና እግሩ መንገዱን ስለሚያውቅ ራሱን ሳያስቸግር ይወስደዋል። በዚያ መንገድ ላይ ሚስቱ ሄደች፣ የራሱ ጎማ ቤት ሄደ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቹም አንድ ደረጃ ላይ ቀሩ። ያልሄደች እህቱ ብቻ ናት።

እህቱ ፖስታ ቤት ነው የምትሠራው። ሃያ ሁለት ዓመት ማኅተም ስትመታ ኖራ፣ አሁን ስትናገርም ማኅተም ትመታለች። ዶሮ የጫረው የሚመስል፣ ማንም አንብቦ የማይጨርሰው አድራሻ ሁሉ መጨረሻው የእሷ ጠረጴዛ ነው። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ታወርድና አንድ ጊዜ ብቻ ታየዋለች፤ ደብዳቤውም ባለቤቱን ያገኛል።

ወንድሟን ከሱስ ማገገሚያው ስታወጣው ከቤቷ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጠችው፤ ቁልፉን መዳፉ ላይ ካስቀመጠች በኋላ ግን እጇን አላነሳችም።

«አንድ ጊዜ» አለችው። «ጠርሙስ ይሁን፣ ክኒን ይሁን፣ ምን ይሁን ምን፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሻንጣህን በር ላይ አቆማታለሁ። አላለቅስም ደግሞ።»

የመጨረሻውን ስትናገር እያለቀሰች ነበር። እሱም ጨዋ ነውና ጣሪያውን አየ።

ይህ ከሆነ ሰባት ወር ሆኗል። በሰባቱ ወር ውስጥ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። ታዲያ ወሬው ከየት መጣ ካላችሁ፣ የወሬው ክፋት ውሸት አለመሆኑ ነው። ክሬን እውነትም መርፌ ጀምሯል።

የጥልፍ መርፌ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማገገሚያው በገባ በሦስተኛው ቀን አንድ ቅጽ ሰጡት። በዚያን ጊዜ እጁ ሞተሩ ሳይጠፋ እንደቆመ የናፍጣ መኪና ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እስክሪብቶውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አልቦት፣ እንደ ምንም ሞላው። በሳምንቱ አማካሪዋ አንዲት ካርድ ሰጠችው። ካርዷ ላይ «ጥልፍ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ክፍል ሦስት» ይላል። አማካሪዋ ደግሞ እንባ ባቀረረ ዓይን አየችውና በጣም እንደምታደንቀው ነገረችው።

ክሬን ካርዷን ገለበጣት። ጀርባዋ ላይ ምንም የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠይቅ ነበር፤ እሱ ግን ሐኪም ያዘዘውን አይጠይቅም፤ ቢጫ ክኒን የተሰጠው ሰው ለምን ቢጫ ሆነ አይልም። ይህቺ ሴት ተምራለች፣ ውስጤን አይታ ያዘዘችው ነገር ነው አለ። እና ሄደ።

የጥልፍ አስተማሪዋ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። እሷም በጊዜዋ ዘጠኝ ዓመት ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ተጋብታ ኖራለች፤ ፍቺው ከባድ ነበር ትላለች። በመጀመሪያው ቀን መርፌው የክሬን ጣቶች መሀል ገብቶ ጠፋ። ተፈለገ፤ ጥፍሩ ሥር ተገኘ። ክር ለማስገባት ብቻ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጀ። በሁለተኛው ቀን አንድ ስፌት ሰፋ፤ ከሱሪው ጋር። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጽጌረዳ ጨርሶ አስረከበ። ዳይሬክተሯ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፣ አቀረበችው፣ አራቀችው።

«ይሄ ጽጌረዳ ነው ወይስ ጎማ?»

«ጽጌረዳ ነው።»

«ጥሩ ነው። ነፋሱ ግን ትንሽ አንሶታል።»

ክሬን ከአሥራ አራት ዓመት ወዲህ ሳይጠጣ እንደዚያን ቀን ስቆ አያውቅም። ጥርሱ የሌለበት ቦታ እስኪታይ ሳቀ፤ እየሳቀ ሌላ ጨርቅ ወጠረ።

ሰው የጎሚስታን ሥራ ጉልበት ብቻ ያደርገዋል፤ ዋናው ግን ትዕግሥት ነው። ከመነዳሪውን ነፍተህ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ፤ ቀስ ብለህ እያዞርክ አረፋ ትጠብቃለህ። ቀዳዳው ራሱ እስኪናገር ድረስ አትቸኩልም። ክሬን ጨርቅ ላይ ሲያጎነብስ ያው ትዕግሥት መጣለት። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጉሮሮው እንደ ድሮው ይጣራል፤ ይህን መዋሸት አያስፈልግም። ግን በጣቶቹ መሀል መርፌ የያዘ ሰው ብርጭቆ ለማንሳት መጀመሪያ መርፌውን የት እንደሚያኖር ማሰብ አለበት። እሱን ሲያስብ ቅጠሏ አላለቀችም። ቅጠሏን ልጨርስ ሲል ግንዱ ጠመመ። ግንዱን ሲያቃና አሥራ ሁለት ተኩል ሆኗል፣ ጉሮሮውም መጣራት ሰልችቶት ዝም ብሏል። በሦስተኛው ወር እግሩ ራሱ መንገድ ቀየረ፤ ከሥራ ሲወጣ ክር ቤት ፊት ለፊት ወስዶ አቆመው። በስድስተኛው ወር ኪሱ ውስጥ ከጎማ ማጣበቂያው ጎን ሰባት ዓይነት አረንጓዴ ክር ይዞ ይዞር ነበር። አረንጓዴ ሰባት ዓይነት መሆኑን ማወቁ ራሱ ያስቀው ነበር። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ብቻ ይመስለው ነበር።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ በሩን ዘግቶ ነው። ለማንም አልተናገረም፤ ለእህቱ እንኳ። ሱሰኛ መሆንን ለምዶታል። ጥላፊ መሆን ግን ትከሻውን የሚያኮሰምነው መሰለው።

ሱቋ ከእህቱ ቤት ጀርባ የሆነው ፀጉር ሠሪዋ ታዲያ እሑድ ጠዋት ፎጣ ስታሰጣ በጀርባ መስኮቱ ሥር አለፈች። ክሬን ስልክ ላይ ነው፤ ከዳይሬክተሯ ጋር። መስኮቱ ገርበብ ብሏል፤ ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ ገርበብ ያለ ነገር አይታ ዝም ብላ የምታልፍ ሴት አይደለችም።

«ሦስተኛውን መርፌ ትናንት ሰበርኩት» ይላል ክሬን። «ኧረ ወፍራሙ ያደማኛል፣ ቀጭኑን ይላኩልኝ። … ነጩን ጨርሻለሁ። … አዎ፣ ብቻዬን ነው፣ በር ዘግቼ። አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አልችልም።»

ፎጣው ከእጇ ወደቀ። ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

ወሬው ክሬን ተቀጥሮ የሚሠራበት ጎማ ቤት የደረሰው ዓርብ ነው። ያመጣው ቡሎን የሚሉት የሥራ ባልደረባው ነበር፤ አጭር፣ ጠንካራ፣ ጭንቅላቱ ስድስት ማዕዘን ያለው የሚመስል ሰው። ቡሎን ያን ቀን ጠዋት ያለ ወትሮው የክሬንን መዶሻ ተቀበለው፣ ውሃ አቀረበለት፣ ጎማ ላይ እንዲቀመጥ ለመነው። ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ የሰማውን ነገረው። ክሬን መጀመሪያ ሳቀ፤ የተቀመጠበት ጎማ እስኪያረግድ ሳቀ። ቡሎንም መርፌው ጭንቅላቱ ላይ መውጣቱ ነው ብሎ አዘነ።

ክሬን እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተ። «ጥልፍ ነው» ሊል ነው። «ጥ» ላይ ደርሶ ቡሎንን አየው። ከቡሎን ጀርባ ደግሞ ሌሎቹን አምስት ጎሚስታዎች አየ፤ ከነዘይታቸው፣ ከነቀልዳቸው፣ ከቀሪው ዕድሜው ጋር። ሲጠጣ ይፈሩት ነበር። በመርፌው ያዝኑለታል። በጽጌረዳው ግን…

አፉን ዘጋ።

«እየታገልኩት ነው» አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እህቱ ወደ ሳሎን ጠራችው። ሲገባ መጀመሪያ ያየው ሰዎቹን አይደለም፤ ሻንጣውን ነው። ቡናማዋ ሻንጣ፣ መያዣዋ በገመድ የታሰረው፣ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሳቁ ከፊቱ ላይ እንደተበሳ ጎማ ወጣ።

እህቱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ጋዜጣ ይዟል፤ ገልብጦ። ፀጉር ሠሪዋ በምስክርነት ተጠርታለች፤ እሷም በበኩሏ የራሷን ምስክር ይዛ መጥታለች፤ ፀጉሯ ቀለም ተቀብቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ደንበኛ። ደንበኛዋ ሰዓቷን እያየች ሃያ ደቂቃ ብቻ እንዳላት፣ ከዚያ ካለፈ ፀጉሯ ብርቱካን እንደሚሆን ለተሰብሳቢው አስታወቀች።

እህቱ ነገር አላስረዘመችም። ወሬውን የሰማችው መስኮቷ ላይ፣ ቴምብር ከምትገዛ ሴት አፍ መሆኑን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ማኅተሟን አሳስታ እንደማታውቅና ያን ቀን ግን የራሷን አውራ ጣት እንደመታች ነገረችው። አውራ ጣቷ እውነትም ሰማያዊ ነበር፤ የማኅተሙ ቀንም ይነበባል።

«እጅጌህን ሰብስብ» አለችው።

ሰበሰበ። ክንዱ ላይ ያለው ዘይት፣ ጠባሳና ፀጉር ነው። የጣቶቹን ጫፍ ግን ሲያዩ ፀጉር ሠሪዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ትንንሽ ቀያይ ነጥቦች፣ ሁለት ጣት ላይ ፕላስተር።

«ይኸውና እትዬ» አለች። «እኔ ከመሬት ተነስቼ አላወራም። በነገራችን ላይ ዋናው ክንድ ላይ አይደለም። አዋቂዎቹ በእግር ጣት መሀል ነው የሚወጉት።»

«ጫማህን አውልቅ» አለች እህቱ።

ክሬን ይህን ሲሰማ ሁለት እግሩን ከወንበሩ ሥር ሸሸገ። ያን ያህል ትልቅ ሰው ያን ያህል ትንሽ ሲሆን ያየ የለም።

«እትዬ፣ ጫማውን ተይው።»

«አውልቅ።»

«በምትፈልጊው ልማልልሽ። አልጠጣሁም፣ አልተወጋሁም። ጫማውን ብቻ ተይልኝ።»

እህቱ ተነስታ በሩን ከፈተችው። ሻንጣዋ አጠገብ ቆመች። ያበጠውን አውራ ጣቷን መያዣው ላይ አሳረፈች። ክሬን ያንን ጣት አየ። ጎሚስታዎቹንም በሐሳቡ አንድ በአንድ አያቸው፤ ስድስቱም ተደምረው ያችን አንዲት ጣት አያክሉም።

አጎነበሰና ማሰሪያውን ፈታ።

የግራው ጫማ ወጣ። የቀኙም ወጣ። ሳሎኑ ውስጥ ያለ ዓይን ሁሉ ወደታች ወረደ፤ ጋዜጣውም አብሮ ወረደ።

ካልሲዎቹ ጥቁር ናቸው፤ ቁጥር አርባ ስድስት። በግራው ላይ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት ነጫጭ አበቦች ፈክተዋል፤ መሀላቸው ቢጫ፣ ቅጠላቸው ሰባት ዓይነት አረንጓዴ። በቀኙ ላይ አንዲት ወፍ ክንፏን ዘርግታ ወደ አውራ ጣቱ ትበራለች።



«ወፏ» አለ ክሬን ጉሮሮውን ጠራርጎ «ክንፏ ገና ነው።»

መጀመሪያ የፈነዳው ባልየው ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ድምፁ ያልተሰማ ሰው፣ ከወንበሩ ተንሸራቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ቀጥላ ባለ ላስቲኳ፤ ከዚያ ሁሉም። እህቱ በሩን ተደግፋ፣ አንድ ጊዜ እየሳቀች አንድ ጊዜ እያለቀሰች፣ በመካከሉ ደግሞ «ካልሲ ነው» እያለች ለማንም ላልጠየቃት ሰው ታስረዳ ነበር። ክሬን ራሱ እግሩን አነሳና ወፏን አየት፤ ከዚያ እሱንም ሳቁ ጣለው። መርፌው፣ ነጩ ክር፣ ስልኩ፣ ዳይሬክተሯ፣ ሁሉም በሳቅ መሀል እየተቆራረጠ ወጣ።

ምስጢሩ አንዴ ከተበሳ ወዲያ ምን ይይዘዋል? ክሬን በካልሲው ሮጦ ክፍሉ ሄደና የብስኩት ቆርቆሮውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ጨርቆቹ ተዘረገፉ። ቡሎን ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ ዳቦ ሲገምጥ አለ። ዳይሬክተሯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ረስታ መነጽር ስትፈልግ አለች። እህቱ አለች፤ ክንዷን ወደ ላይ አንስታ፣ ማኅተሟን ልትመታ አንድ ስንዝር ሲቀራት። እህቱ ጨርቁን አነሳችና ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ሥራ ከጀርባው እንደሚታወቅ ታውቃለች። ጀርባው ንጹሕ ነው።

«አፍንጫዬን አሳጠርክልኝ» አለች።

ፀጉር ሠሪዋ ግን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ከአንድ ጨርቅ ጋር ተፋጥጣለች። የራሷ ሱቅ ነው፤ ካስኩ፣ መስተዋቱ፣ ገንዳው። የራሷ ፊት ነው፤ ቅንድቧ፣ የጆሮ ጌጧ፣ ሁሉም ተጠናቋል። አፉ ብቻ ክፍት ነው፤ በቀይ ክር ዙሪያው ተጀምሮ የቀረ።

«አፌስ?» አለች።

«ሦስት ሳምንት ሞከርኩት» አለ ክሬን። «አልዘጋ አለኝ።»

እዚህ ላይ ባለ ላስቲኳ ሰዓቷን አስታወሰች። አርባ ደቂቃ አልፏል። ጮኸች፣ ሮጠች፤ ፀጉር ሠሪዋም ጨርቁን ይዛ ተከትላት ሮጠች፤ ጨርቁን ግን አልመለሰችም። ደንበኛዋ እስከሚቀጥለው ወር ብርቱካን ሆና ኖረች። እሷም ሰው በጠየቃት ቁጥር የካልሲው አበባ ላይ ደርሳ ስለምትስቅ ታሪኩን አንድም ጊዜ ጨርሳ አታውቅም።

ሁሉም ሲወጣ ክሬን ሻንጣውን ወደ ክፍሉ ሊመልስ አነሳት። እንደ ላባ ተነሳች። ከፈታት። ባዶ ናት፤ እህቱ አንዲት ሸሚዝ እንኳ አልከተተችባትም። ዞሮ ሲያያት ጠረጴዛውን እየወለወለች ነበር፤ ንጹሑን ጠረጴዛ፣ አጥብቃ።

ሰኞ ዕለት ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ጭንቅላት ገንዳው ላይ አስተኛች። ከመስተዋቱ በላይ ክፍት አፏ በፍሬም ተሰቅሏል። «መርፌ ነው ብዬ ነበር» አለች። «መርፌ አይደለም ያለኝ ሁሉ ይኸው ይፈር።» ውሃውንም ለቀቀችው። ጎሚስታዎቹ ደግሞ ክሬን እንደፈራው ሦስት ቀን ሳቁበት። በአራተኛው ቀን ቡሎን ቱታውን ይዞ መጣና ጀርባው ላይ ንስር ቢያደርግለት ምን እንደሚያስከፍለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ። በወሩ መጨረሻ ስድስቱም ቱታ ላይ አውሬ ነበር፤ አንዱ ነብር ብሎ ያዘዘው ብቻ ድመት ሆኖበት እስካሁን ይጨቃጨቃሉ። የክሬን ጉሮሮ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣራቱን አልተወም፤ አንዳንድ ቀን እንደውም ይጮሃል። ያን ቀን ክሬን ከባዱን፣ ወፍራም መርፌ የሚፈልገውን ሥራ ያወጣል።

ዓመቱ ሲሞላ ማገገሚያው መዝገቡን ሊዘጋለት ጠራው። እህቱም ቀሚስ ቀይራ አብራው ሄደች። አማካሪዋ ሁለቱንም ሻይ ጋበዘቻቸው፤ ለአዲስ ገቢዎች ሁሉ የእሱን ታሪክ እንደምትነግር አጫወተቻቸው። ሰው በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ ሙዚቃም፣ እንጨት ሥራም፣ ቼዝም እያለ ጥልፍን መርጦ መጻፉ፣ በሥራዋ ካየችው ድፍረት ሁሉ ትልቁ እንደሆነ ነገረቻቸው።

ክሬን የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እኔ መርጬ? እርስዎ አይደሉ እንዴ ያዘዙልኝ?»

«እኔ? ኧረ እርስዎ ነዎት የጻፉት።»

አማካሪዋ ተነስታ ፋይሉን አወጣች። ቅጹ ዳሩ ቢጫ ሆኗል፤ ላብ የነካው ቦታም ይለያል። በጣቷ አሳየችው። «ምን መሥራት ይወዳሉ?» ከሚለው ፊት ለፊት አንድ ቃል አለ፤ በ«ጥ» ይጀምራል፣ ቀሪው ዶሮ የጫረው ነው። ክሬን ዓይኑን አጠበበ፤ የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አልቻለም።

እህቱ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አወረደች። አንድ ጊዜ ብቻ አየችው።

«ጥልፍ አይልም» አለች። «‹ጥዋት› ነው የሚለው። ሁለቱን መልሶች መስመር አቀያይረህ ነው የጻፍከው።»

ከዚያ ጣቷን አንድ መስመር ዝቅ አደረገች፤ «መቼ ይመችዎታል?» የሚለው ጥያቄ ላይ። እዚያም አንድ ቃል አለ፤ ማገገሚያው ማንኛውም ሰዓት ይመቸዋል ማለት ነው ብሎ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመደበው በዚህች ቃል ነው። ይቺኛዋ ደህና ትነበባለች፤ ምን መሥራት እንደሚወድ ያን ቀን የመለሰው «ምንም» ብሎ ነበር።